የቅርጫ ካሜራ

ሰው የሚያውቀውን ነገር ሲመርጥ ዝም ይላል፤ የሚያወራው የማያውቀውን ሲመርጥ ነው። ይህን የተማርኩት ሆሳዕና ከተማ ከብት ተራ ቆሜ ነው። በሬ የሚያውቅ ሰው በሬውን ሁለት ጊዜ ይዞረዋል፣ ከንፈሩን ገልጦ ጥርሱን ያያል፣ ሻኛውን በመዳፉ ጫን ያደርጋል፣ ከዚያ ወይ ይቆማል ወይ ይሄዳል። ቃል አይወጣውም። በሬ የማያውቀው ደግሞ (ራሴን ማለቴ ነው) «ቀለሙ ደስ ይላል» ይላል። ቆየት ብሎም «ቀንዱ ያምራል» ብሎ ይጨምራል። ቅርጫው ሲከፋፈል ቀንድ የሚደርሰው ይመስል።

ምርጫ ስል ሌላኛው ምርጫ ትዝ ያላችሁ ካላችሁ ተረጋጉ፤ እሱን ሌሎች ይጻፉበት። የእኔ ወግ ስለ አንድ ትንሽ፣ ርካሽ፣ ኪስ ውስጥ ስለሚገባ ዲጂታል ካሜራ ነው።

ጊዜው ሚሊኒየሙን ተቀብለን ገና የጭፈራው ድካም ያልለቀቀን ሰሞን ነው። ሞባይል በየኪሱ መግባት ጀምሯል፤ ግን የአብዛኞቻችን ሞባይል የሚሰማ እንጂ የሚያይ አልነበረም። ፎቶ የፈለገ ሰው ጫማውን አስጠርጎ፣ ፀጉሩን አበጥሮ ፎቶ ቤት ይሄዳል። እዚያ ግድግዳው ላይ የተሳለ ፏፏቴ አለ፤ ከፏፏቴው በላይ ሊያርፍ የሚመስል አውሮፕላን አለ፤ ሚስማር ላይ ደግሞ ለሁሉም ሰው የሚሆን፣ ማለትም ለማንም የማይሆን አንድ ኮት ተሰቅሏል። አንሺው «አገጭ ቀና! እንዳይንቀሳቀሱ!» ይልና ያነሳችኋል። በሦስተኛው ቀን ሄዳችሁ አንድ የማታውቁትን የተቆጣ ሰው በፖስታ ይዛችሁ ትመለሳላችሁ።

እኔ የሺንሺቾ ልጅ ነኝ፤ ሆሳዕና ጂኦግራፊ ማስተማር ከጀመርኩ ግን ብዙ ዓመት ሆኖኛል። አጥር የምንጋራው ጎረቤቴ ጋሽ ላምቤቦ ይባላሉ። ሰፈራችን ለመስቀል ቅርጫ ሲገባ በሬውን የሚመርጡት እሳቸው ናቸው፤ የሚገዙትም እሳቸው። የእኛ ድርሻ ማዋጣትና ከኋላ ከኋላ መከተል ነው። ጋሽ ላምቤቦ ከብት ተራ ሲደርሱ ፊታቸውን ይዘጉታል። አዎ፣ ሱቅ እንደሚዘጋ። ቅንድብ አይነሳም፣ ከንፈር አይንቀሳቀስም። በሬው ዓይናቸው ውስጥ ይግባ አይግባ ሻጩ ቀርቶ እኛ ገንዘቡን ያዋጣነውም አናውቅም። ዋጋው ተቆርጦ እጅ ለእጅ ሲመታ ብቻ ያ ፊት ይከፈታል፤ ያን ጊዜ ጋሽ ላምቤቦ ይስቃሉ። ሳቃቸው ከከብት ተራ እስከ መናኸሪያው ድረስ ይሰማል ይባላል። ተጋንኗል። ትንሽ ብቻ።

ችግሩ፣ ፊታቸው ከገበያ ውጭም መዘጋት ለምዷል። አንድ ሰው አንዳች ዕቃ ይዞ አተኩሮ ካያቸው «ይሄ ደግሞ ስንት ሊለኝ ነው» ብለው ነው መሰለኝ፣ ክርችም። ፎቶ ቤት ሁለት ጊዜ ሄደዋል። ሁለቱንም ጊዜ ተዘግተው ሄደው ተዘግተው ተመልሰዋል።

ማርቆስ ባይኖር ይህም ግድ ባልሰጠን። ማርቆስ የጋሽ ላምቤቦና የእትዬ ዳመቀች የመጨረሻ ልጅ ነው። እንደ ብዙዎቹ የአገራችን ልጆች ደቡብ አፍሪካ ከገባ ስድስት ዓመት አልፎታል፤ «ሎኬሽን» በሚሉት የድሆች መንደር ከብረት ፍርግርግ ጀርባ ቆሞ ስኳርና ሳሙና ይሸጣል። አንድ እሁድ በእኔ ስልክ ደወለና ከእናቱ ጋር ብዙ አወራ። እትዬ ዳመቀች ስልኩን ሲመልሱልኝ ፊታቸው ልክ አልነበረም።

«ምን አለ?» አልኳቸው።

«የአባዬ ፊት እየጠፋብኝ ነው አለኝ። ሳቁን በስልክ እሰማዋለሁ፣ ፊቱን ላስብ ስል ግን የሚመጣብኝ የመታወቂያው ፎቶ ነው አለ። እሱን ለጓደኞቼ ሳሳያቸው ‹አባትህ በምን ወንጀል ነው የታሰረው?› ይሉኛል ብሎ ሳቀ።» ነጠላቸውን አስተካከሉ። «እኔ የልጄን ሳቅ አውቃለሁ። ያ ሳቅ አልነበረም።»

ቀጥለው ትዕዛዝ ሰጡኝ። «ቲቸር፣ አንተ የተማርክ ሰው ነህ። ይሄን ሰውዬ ሲስቅ የሚይዝ ዕቃ ፈልግልኝ። ከመስቀል በኋላ አንዲት የቦኖሻ ከተማ ልጅ ልትዳር ወደዚያ ትበራለች፤ የምትገባው ማርቆስ ያለበት ሰፈር ነው። ፎቶው በእሷ ይሂድ።»

«የተማረ ሰው» ተብሎ የማያብጥ ማን ነው? በማግስቱ ኢንተርኔት ቤት ገብቼ «ለዕለት ተዕለት የሚሆን ርካሽ ካሜራ እንዴት ይመረጣል» የሚል ነገር ፈለግሁ። አንዱ ገጽ እስኪከፈት ወጥቶ ማኪያቶ ጠጥቶ መመለስ ይቻል ነበር። («ፎቶውን በዚያው በኢንተርኔት ለምን አትልኩለትም?» ለምትሉኝ መልሱ ይኸው ነው፤ ደግሞም ማርቆስ የፈለገው ግድግዳ ላይ የሚሰቀል አባት ነው።) በሦስት ማኪያቶ ብዙ ተማርኩ። የፊልም ካሜራ ሠላሳ ስድስት ጊዜ አንስቶ ያበቃል፤ ጥሩ ይሁን መጥፎ የምታውቀው ካሳጠብክ በኋላ ነው። ዲጂታሉ ግን መቶ ጊዜ ያነሳል፣ ወዲያው ያሳያል፣ የጠላኸውን ታጠፋለህ። ለጋሽ ላምቤቦ ፊት ከዚህ የተሻለ መድኃኒት አልታየኝም።

ዋጋውን ስሰማ ግን የጂኦግራፊ መምህር መሆኔ ትዝ አለኝ። ይህንኑ ሄጄ ለጋሽ ላምቤቦ ነገርኳቸው፤ ለአንድ ቤት አይቻልም አልኳቸው።

«በሬስ ለአንድ ቤት መች ተችሎ ያውቃል?» አሉ። «ቅርጫ እንግባበታ!»

እዚህ ላይ አንድ ጊዜ ቆም በሉልኝ። በሬ ይታረዳል፣ በየመደቡ ይከፋፈላል፣ ዕጣ ይጣላል፤ ሁሉም የደረሰውን ይዞ ቤቱ ይገባል። ካሜራ እንዴት ተደርጎ ነው መደብ የሚወጣለት? ይህን መጠየቅ የነበረበት የተማረው ሰው ነበር። አልጠየቀም።

ሦስተኛ ሆኖ ኤርሲዶ ገባ። ኤርሲዶ ዞን መምሪያ ነው የሚሠራው፤ ከሥራው ብዛት የተነሳ ሦስት ሰው በአንድ ላይ ባየ ቁጥር ሰብሳቢ ያስመርጣል። ወሬውን እንደሰማ «አጣሪ ኮሚቴ ያስፈልጋል» አለ፤ ወዲያው ደብተርና እስክሪብቶ ይዞ መጣና ካሜራው ገና ሳይገዛ የመተዳደሪያ ደንብ ጻፈለት። በደንቡ መሠረት ካሜራው በየቤቱ አንድ አንድ ሳምንት ያድራል፤ የመጀመሪያው ሳምንት የጋሽ ላምቤቦ ነው፤ «ካሜራውን ወንዝ ይዞ መውረድ ክልክል ነው»። ለምን ወንዝ እንደመጣበት እስከ ዛሬ አላውቅም።

አራተኛው ሸምሱ ነው። ሸምሱ መናኸሪያው በር ፊት ለፊት ሬዲዮ፣ የግድግዳ ሰዓትና የመሳሰለውን የሚሸጥ የሰፈራችን ሰው ነው። ሙስሊም ስለሆነ እኛ ያረድነውን አይበላም፣ እኛም እሱ ያረደውን አንበላም፤ ስለዚህ በየዓመቱ ቅርጫችንን በአጥር ላይ እያየ «እንኳን አደረሳችሁ» ከማለት አልፎ አያውቅም ነበር። የካሜራውን ነገር ሲሰማ ዓይኑ በራ።

«ይሄኛው ቢላዋ አይነካውም አይደል?» አለ። «እንግዲያው እኔም አለሁበት! በስንት ዓመቴ ከእናንተ ጋር ቅርጫ ልግባ እንጂ!»

ካሜራዎቹ ያሉትም እሱ ሱቅ ነበር። እንግዲህ ሸምሱ በግራ እጁ ሊሸጥ፣ በቀኝ እጁ ሊገዛ ነው።

አንድ ቅዳሜ አራታችንም ሱቁ ተሰበሰብን። ውጭ የአውቶቡሱ ረዳት «ሺንሺቾ! ሺንሺቾ! የሞላ!» ይላል፤ በተጠራ ቁጥር አቤት ልል እዳዳለሁ። ሸምሱ ሦስት ካሜራ ከመስታወቱ ውስጥ አውጥቶ ባንኮኒው ላይ ደረደረ። አንዱ ቀጭን፣ ብርማ፣ እንደ ብርጭቆ የሚያብለጨልጭ ነው። ሁለተኛው አፍንጫው ረዘም ይላል። ሦስተኛው ወፍራም፣ ጥቁርና ደንዳና ነው፤ ሳየው አንድ የማውቀውን ርዕሰ መምህር መሰለኝ።

ጉሮሮዬን ጠርጌ ማስረዳት ጀመርኩ። ፎቶ ማለት እንደ ጤፍ በደቀቁ ነጥቦች የተሠራ መሆኑን፣ የነጥቡ ብዛት የጥራቱ ብዛት መሆኑን፣ ብርማው ስምንት ሚሊዮን ነጥብ እንዳለው ተነተንኩ። ጋሽ ላምቤቦ በትዕግሥት ሰሙኝ።

«ስምንት ሚሊዮን ነጥብ እኔ ፊት ላይ?» አሉ። «ፈንጣጣ እንኳ ይህን ያህል አልደፈረኝም። ቀጥል።»

ወደ ሁለተኛው አለፍኩ። ይህኛው ሩቅ ያለውን ነገር አቅርቦ ያሳያል፣ ከዚህ ቆመን የአውቶቡሱን ታርጋ እናነባለን አልኩ።

«ስንት ያቀርባል?»

«ሦስት እጥፍ።»

«ማርቆስን ያቀርበዋል?»

ጋሽ ላምቤቦ መልስ ሳይጠብቁ ካሜራውን ቀስ ብለው መለሱና የሚያውቁትን ሥራ ጀመሩ። ሦስቱንም አንድ በአንድ አነሷቸው፣ በመዳፋቸው መዘኗቸው፣ ገለበጧቸው፣ በጥፍራቸው ጀርባቸውን ቀጭ ቀጭ አደረጉ። ፊታቸው ተዘግቷል። በመጨረሻ አንድ ጥያቄ ጠየቁ።

«ምን ይበላሉ?»

ሸምሱ ነገሩ ገብቶት ሳቀ። ሁለቱ የየራሳቸው ባትሪ አላቸው፣ በመብራት ነው የሚሞሉት አለ። ሦስተኛው የግድግዳ ሰዓት የሚበላውን ዓይነት ሁለት ትንንሽ ባትሪ ነው የሚበላው፤ በየኪዮስኩ አለ።

«መብራት በፈረቃ በሆነበት አገር ሁለቱ ግማሹን ሳምንት ይጾማሉ ማለት ነው» አሉ ጋሽ ላምቤቦ። «ያገኘውን የሚበላ ነው የሚከርመው። ይሄን ጥቁሩን አስነሳልኝ።»

ሸምሱ ቁልፉን ተጫነ። ካሜራው እንደ ኤሊ አንገቱን ቀስ አድርጎ አወጣ። ሸምሱ ወደ ኤርሲዶ አነጣጥሮ ሌላውን ቁልፍ ተጫነ። ቀይ መብራት ብልጭ አለ፤ ከዚያ ምንም። ኤርሲዶ የደረቱን እስትንፋስ ይዞ ጠበቀ፣ ጠበቀ፣ ሰለቸው፣ «ምን ሆነ?» ብሎ አፉን ሲከፍት ቻክ አለ። በካሜራው ጀርባ ባለው ትንሽ መስኮት ላይ የኤርሲዶ ጉሮሮ ታየ።

«ይሄ እኮ ጉድለት ነው!» አልኩ፤ ኢንተርኔት ቤት ያነበብኩት ነገር ነበር። «ርካሽ ካሜራ ሲጫኑት ይዘገያል። ዋናው መታየት ያለበት…»

«ፈጣን በሬ ሞፈር ይሰብራል» አሉ ጋሽ ላምቤቦ። «ይሄ አስቦ ነው የሚሠራው። እናንተ ሺንሺቾ በሬ የምትገዙት በንግግር ነው እንዴ?»

ሸምሱ ሳቀ፣ ኤርሲዶም ጉሮሮውን እያየ ሳቀ። ድምፅ ይሰጥ ተባለ። ጥቁሩ ካሜራ በሙሉ ድምፅ ተመረጠ። እኔም እጄን አውጥቻለሁ።

የዋጋ ክርክሩ መታየት ነበረበት። ሸምሱ እንደ ሻጭ አንድ ዋጋ ይጠራል፤ እንደ ገዢ «ኧረ ይሄ በዛ!» ብሎ ወደ እኛ ይዞራል፤ ጋሽ ላምቤቦ ሲቀንሱ እንደ ሻጭ ያለቅሳል፣ እንደ ገዢ በሹክሹክታ «ያዙት፣ እንዳትለቁት!» ይለናል። የተስማማንበትን አልናገርም፤ ወጉን ካነበበ ሁለቱም ሸምሱዎች ይቀየሙኛል።

እጅ ለእጅ ተመታ። ጋሽ ላምቤቦ ሳቁ። መናኸሪያው በሙሉ ዞሮ አየ። ካሜራው ካርቶኑ ውስጥ ነበር።

አዎ። ያን ጊዜ ማንሳት ነበረብን። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ ያልቸኮለውስ ምን እንደሆነ ይኸው ልነግራችሁ ነው።

የጋሽ ላምቤቦ ሳምንት የመስቀል ሳምንት ሆነ። አንሺው እኔ ነኝ። በመጀመሪያው ቀን አርባ አንድ ፎቶ አነሳኋቸው፤ አንድ ፎቶ አርባ ጊዜ ተባዝቶ ማለት ነው። ሁሉም ላይ ያው የተዘጋ ሱቅ። «ጋሼ፣ ሳቅ ይበሉ» ስል «በምን ምክንያት?» ይሉኛል። ጨዋታ አመጣሁ። የተማሪዎቼን የፈተና መልሶች እያነበብኩላቸው፣ አንዱ ልጅ የአባይን መነሻ መናኸሪያ ብሎ መጻፉን ስነግራቸው ሳቁ! ተጫንኩ። ካሜራው ማሰብ ጀመረ። ቀዩ መብራት ብልጭ ሲል አዩት፤ ክርችም። ቻክ።

ከዚያ ማድፈጥ ጀመርኩ። ከእንሰቱ ጀርባ፣ ከበሩ ጥግ፣ አንድ ጊዜማ ከድርቆሹ ክምር ሥር። ሳቁ ይመጣል፣ እጫናለሁ፣ ካሜራው ያስባል፣ ሳቁ ያልቃል፣ ካሜራው ያነሳል። በዚህ ዘዴ የጋሽ ላምቤቦን ጀርባ አገኘሁ፤ ተነስተው የሄዱበትን ባዶ በርጩማ አገኘሁ፤ በርጩማው ላይ ቆይቶ የወጣውን ዶሮም አገኘሁ። የዶሮው ፎቶ እጅግ ግሩም ነው። እስከ ዛሬ አለኝ።

መስቀል አለፈ። የቦኖሻዋ ሙሽራ ሰኞ ጠዋት ወደ አዲስ አበባ ልትሳፈር ሆነ። እትዬ ዳመቀች ለማርቆስ በርበሬውን ፈጭተው፣ ቅቤውን አንጥረው፣ በሁለት ዕቃ አሽገው አስቀምጠዋል። በላዩ ላይ ስሙ የተጻፈበት አንድ ፖስታ አለ። ባዶ ነው። በዚያ በኩል ባለፍኩ ቁጥር ፖስታው ያየኝ ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ኤርሲዶ ስብሰባ ጠራ። አጀንዳው አንድ ነው፤ የካሜራው አፈጻጸም። በጋሽ ላምቤቦ በረንዳ ተቀመጥን፤ ሰማዩ ደምኗል፤ ካሜራው በመሃላችን በርጩማ ላይ ለግምገማ ቀርቧል። ኤርሲዶ ጠንካራ ጎኖቹን ዘረዘረ፤ ባትሪው በቀላሉ ይገኛል አለ። ወደ ደካማ ጎን ተሻገረና ብዙ ቆየ። ካሜራው ግለ ሂስ ማድረግ ስለማይችል እኔ እንዳደርግለት ተጠየቅኩ። አደረግሁ። «የአቅም ማነስ ነው እንጂ የአመለካከት ችግር የለበትም» አልኩ።

እትዬ ዳመቀች እስከዚያ ድረስ ጥግ ላይ ቁጭ ብለው ጎመን እየቀነጠሱ ነበር። አሁን ቀና አሉ።

«ሽጡት» አሉ።

ሁላችንም ዞርን።

«ሽጡት አልኩ። አሁኑኑ፣ እዚሁ፣ እኔ እያየሁ። በገንዘቡ የሠርግ ፎቶ አንሺ ነገ ይምጣልኝ።» ወደ ሸምሱ ዞሩ። «አንተ ትገዛዋለህ። ግን ነጋዴ አይደለህ? ሞክረህ ግዛ። እሱን እያነሳህ ሞክረው።»

«እትዬ፣ የተሸጠ ዕቃ አይመለስም የሚል ጽሑፍ ሱቄ ላይ አለ» አለ ሸምሱ።

«ማን መልስ አለህ?» አሉ ጋሽ ላምቤቦ። ካሜራውን ከበርጩማው ላይ አነሱ፣ በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉት፣ ተነስተው ቆሙ። «እኔ እሸጥልሃለሁ።» ፊታቸውም ተዘጋ።

ክርክሩ ተጀመረ። ጋሽ ላምቤቦ በዕድሜያቸው ሸጠውት የማያውቁትን ዕቃ እንደ ወይፈን አወደሱት። አመሉ ልዝብ ነው፣ ያገኘውን ይበላል፣ ልጅ አይወጋም። ሸምሱ ዋጋ ጠራ። ሰደቡት። ሸምሱ ትንሽ ጨመረ። «ያንተ አባት እንዲህ አልነበረም» አሉት። ኤርሲዶ ቃለ ጉባኤ መያዙን ትቶ አፉን ከፍቶ ያያል።

«ቆይ ልሞክረዋ» አለ ሸምሱ። ካሜራውን ተቀብሎ በግራ እጁ ያዘ፣ ወደ ጋሽ ላምቤቦ አነጣጠረ፣ ቁልፉን ተጫነ። በደመናው ጨልሞ ስለነበር ካሜራው ፍላሹን ማዘጋጀት ጀመረ፤ ባትሪው ደግሞ በሳምንቱ ዶሮ ማንሳት ደክሟል። ቀዩ መብራት ብልጭ አለ። ጠበቅን። የተዘጋው ፊት ተዘግቶ ጠበቀ። ምንም የለም።

«ይኸው!» አለ ሸምሱ፤ ጣቱን ከቁልፉ ላይ ሳያነሳ። «ሞቷል! ለሞተ ነው ይሄን ሁሉ ዋጋ የጠሩብኝ ጋሼ?»

«አልሞተም፣ እያሰበ ነው! በል ያንተም አይሁን የእኔም አይሁን» አሉና መሃሉን ጠሩ።

ሸምሱ አመነታ። ቀኝ እጁን ዘረጋ። ጋሽ ላምቤቦ እጃቸውን ከፍ አድርገው እንደ ከብት ተራ አጮሉት። ፊታቸውም ተከፈተ። መጀመሪያ ዓይናቸው፣ ከዚያ ጉንጫቸው፣ ከዚያ ከላይ ሁለት ጥርስ የጎደለው ያ አፍ፤ ራሳቸውን ወደ ኋላ ጥለው ሳቁ፣ ከአጥሩ ማዶ ያለው ውሻ ጮኸ፣ ካሜራውም አስቦ ጨረሰ።

ቻክ። በረንዳው በራ።

አምስት ጭንቅላት ትንሹ መስኮት ላይ ተጋጨ። ፎቶው ዘመም ብሏል። በአንድ ጥግ የሸምሱ እጅጌ ገብቷል። በመሃሉ ግን ጋሽ ላምቤቦ አሉ፤ ሙሉ በሙሉ፣ በራቸውን ወለል አድርገው ከፍተው።

እትዬ ዳመቀች አንድ ጊዜ አዩትና ወደ ጎመናቸው ተመለሱ። «ሠላሳ አምስት ዓመት ከዚህ ፊት ጋር ኖሬያለሁ» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን። «መቼ እንደሚከፈት አላውቅም?»

ለካ «ሞክረህ ግዛ» ያሉት ለዚህ ኖሯል። እኔ ደግሞ፣ «የተማረው ሰው»፣ ድርቆሽ ሥር ስሳብ ከርሜያለሁ።

ኤርሲዶ ወዲያው ሽያጩ ይሰረዝ የሚል ሐሳብ አቀረበ። ጋሽ ላምቤቦ አልሰሙትም፤ እጅ ተመትቶበታል። በሬም ይሁን ካሜራ እጅ ከተመታበት አለቀ። ስለዚህ ሸምሱ የራሱን ሩብ ከራሱ፣ የእኛን ከእኛ ገዝቶ ካሜራውን ወሰደ፤ በዚያው ምሽት መናኸሪያው አጠገብ ያለው ፎቶ ቤት ይዞት ሄዶ ሁለት ፎቶ አሳጠበ። አንዱ ትንሽ፣ ለፖስታው። አንዱ ትልቅ፣ ለራሱ ሱቅ። የፏፏቴው ባለቤት ፎቶውን እያገላበጠ «ይሄን ማን አነሳው?» ብሎ ጠየቀው አሉ። «ማንም» አለው ሸምሱ። «እያሻሻጥን ነበር።»

ሰኞ ጠዋት ፖስታው ባዶ አልነበረም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ስልኬ ጮኸ። እሁድ ነው፤ ከሸምሱና ከኤርሲዶ ጋር ጋሽ ላምቤቦ ቤት ነበርን። ስልኩን ለእሳቸው ሰጠኋቸው። ጋሽ ላምቤቦ በስልክ ሲያወሩ ያለ ስልክም ደቡብ አፍሪካ ድረስ እስኪሰማ ስለሚጮሁ፣ ማርቆስም ለአባቱ ስለሚጮህ፣ የሁለቱንም ወገን ሰማን።

«አባዬ!» አለ ማርቆስ። ሰላምታም አላስቀደመም። «ፎቶው ደረሰኝ! ምን ሸጠህ ነው?»

ጋሽ ላምቤቦ ደነገጡ። ፎቶው ላይ ካሜራው የለ፣ ገበያ የለ፣ ገንዘብ የለ። አንድ ሰው ይስቃል፣ ጥግ ላይ አንድ እጅጌ አለ፣ ያ ብቻ። ልጁ ግን አውቋቸዋል።

«ካሜራ» አሉ በመጨረሻ።

«ለማን?»

ሸምሱን አዩት። ሸምሱም አያቸው። ፊታቸውን ዘጉ። ጆሮ ላይ ስልክ ይዘው፣ ስድስት ዓመት ላላዩት ልጃቸው ሲናገሩ እንኳ ፊታቸውን ዘጉና በሀዲይኛ፣ ሸምሱ ከእኔ የተሻለ ሀዲይኛ እንደሚሰማ ረስተው፣ ዋጋውን በሹክሹክታ ነገሩት።

በስልኩ ውስጥ ያ ሳቅ ፈነዳ። የአባቱ ሳቅ ነው፤ ጥርሱ ሙሉ ከመሆኑ በቀር ልዩነት የለውም። እትዬ ዳመቀች ከወጥ ቤት ወጥተው በሩ ላይ ቆሙ፤ እስኪያበቃ ድረስ አዳመጡና «ይሄኛው ነው» ብለው ተመለሱ።

ጥቁሩ ካሜራ ከዚያ በኋላ ሸምሱ መስታወት ውስጥ ብዙ አልቆየም። ትልቁን ፎቶ በላዩ ሰቅሎ፣ ዋጋውንም ከፍ አድርጎ፣ ደንበኞቹን «ይህን ያነሳው ይህ ነው» ይላቸው ነበር። አንድ የዱራሜ ሰው ብርማውን ሲያሳዩት እንቢ ብሎ «የሚያስበውን ስጡኝ» ብሎ ገዝቶ ሄደ። ምን እንዳነሳበት አላውቅም። ዶሮ ከሆነ ግን ፎቶው ጥሩ እንደሚሆን እመሰክራለሁ።

ዛሬም ሰዎች ሲያገኙኝ ካሜራ እንዴት ይመረጣል ይሉኛል፤ አንዴ የተማረ ሰው ተብዬ ቀርቻለሁ። ነጥቡን አልቆጥርላቸውም። ምን እንደሚበላ ጠይቁ እላቸዋለሁ፤ ከዚያ ግዙት። ጥሩ ፎቶ ካላወጣላችሁ፣ ሽጡት፤ ስትሸጡት ግን ሚስት አጠገባችሁ ትሁን።